ሽመልስ፣ ጋቶች ወይስ ሱራፌል? የዋልያው መሀል ሜዳ ክርክር ለምን አያልቅም

ዛሬ ስለ ነዳጅ ሰልፍም ስለ ዶላርም አናወራም። ኳስ ነው። ግን «የኳስ ወሬ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ መጨረሻው የሰው እንጀራ ላይ ነው የሚያርፈው።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጣና ዳር ጀበና ቡና ከምታፈላ አንዲት ልጅ ጋ ቁጭ ብለናል። ሐይቁ ዝም ብሏል፣ ደንገሉ ጥግ ሁለት ልጆች ታንኳ እያስጠጉ ነው፣ ከወዲያ የዓሣ ጥብስ ይሸታል። አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ አንድ ጸጉር አስተካካይ፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ አንድ አባት፣ እና እኔ። ወሬው የተጀመረው በሮድሪ ነው። ጸጉር አስተካካዩ የሲቲ ደጋፊ ስለሆነ የባሎን ዶሩን ነገር ሳያነሳ ውሎ አያድርም። ከዚያ እንዴት እንደዞረ እንጃ፣ ወደ እኛው ሰዎች መጣ፦ ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ዋልያው ካያቸው አማካዮች ምርጡ ማነው?

«ሽመልስ በቀለ ነው፤ አለቀ» አለ ባለ ባጃጁ።

«ሽመልስ አማካይ ነው እንዴ? እሱኮ ለአጥቂ የቀረበ ነው። አማካይ ስትለኝ ጋቶች ፓኖም ነው። መሀሉን የሚዘጋው።»

ቡና የምታፈላው ልጅ ረከቦቱን እያስተካከለች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «ሱራፌልን ረስታችሁት ነው ወይስ ፋሲል ከነማ ስለሆነ ነው?» አለች። የጎንደር ልጅ ናት። የጣና ሞገዶቹ እና የዐጼዎቹ ነገር መቼም የማይገባበት ጉዳይ የለም።

አባት ሳቁ። «ልጆቼ፣ እናንተ ሉቻኖ ቫሳሎን አላያችሁም። እኔም አላየሁት፣ በሬዲዮ ነው። ግን ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው እሱ ነው።»

ይህ እውነት ነው። ጥር 1954 ላይ አዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ያኔ የተባበረችው አረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ አምበሉ ሉቻኖ ነበር፤ የአሥመራ ልጅ፣ የመሀል ሜዳ ሰው። በ2015 መግቢያ ጣሊያን ውስጥ አርፏል። በዚያ ፍጻሜ ጎል ያገባውን መንግሥቱ ወርቁን ስሙን የማያውቅ የለም፤ ከኋላው ሆኖ መሀሉን ይመራ የነበረውን ግን ከእኔ ዕድሜ ልጆች ስንቱ ያውቀዋል? ይቺን ያዟት፣ እመለስባታለሁ።

ክርክሩ እየጋለ ሄደ። ባለ ባጃጁ በመጨረሻ አንዲት ቃል ተናገረ፣ ጨዋታው እዚያው ቆመ፦ «ቁጥር አምጣ።»

ጸጉር አስተካካዩ ስልኩን አወጣ። ከአሥር ደቂቃ በፊት የሮድሪን የቅብብል ስኬት፣ የነጠቀውን ኳስ፣ የሮጠውን ኪሎ ሜትር ሳይቀር ሲያነብልን ነበር። አሁን «ጋቶች ፓኖም» ብሎ ጻፈ። የትውልድ ቦታ፣ የተጫወተባቸው ክለቦች፣ የጨዋታና የጎል ብዛት፤ እሱም ከድረ ገጽ ድረ ገጽ የሚለያይ። ስንት ኳስ ነጠቀ? የለም። ስንት ቅብብል አሳካ? የለም። «ሽመልስ በቀለ» ብሎ ሞከረ፤ ያው። ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰና «ሁለተኛውን ቡና ቅጂልን» አለ።

እኔ ቤቴ ገብቼም አልተወኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምን ማስረጃ እንዳለ ቁጭ ብዬ አየሁ።

ከሽመልስ እንጀምር። የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ከሐዋሳ ከነማ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ከዚያ ወደ ውጭ። ግብፅ ውስጥ በፔትሮጄት፣ በምስር ኤል ማቃሳ፣ በኤል ጎውና ለዓመታት ተጫውቷል። የግብፅ ሊግ ለእንግዳ ተጫዋች አይራራም፤ ካልሠራህ በሚቀጥለው ክረምት ሻንጣህን ትይዛለህ። እዚያ ዓመታት መቆየት በራሱ ምስክር ነው። ግን ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ሦስት ቀን ነው።

ኅዳር 9፣ 2012፣ እዚሁ ባህር ዳር፣ ኮትዲቯር። መጀመሪያ ገባብን። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገ፣ ሽመልስ ሁለተኛውን አገባ፣ 2 ለ 1። ያን ቀን ስታዲየም የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከጨዋታው በኋላ ከአዲሱ ስታዲየም እስከ ጊዮርጊስ አደባባይ በእግር ነው የመጣነው፣ ባጃጅ የሚባል ነገር መንቀሳቀስ አልቻለም ነበር።

መጋቢት 15፣ 2013፣ አሁንም ባህር ዳር፣ ማዳጋስካር፣ 4 ለ 0። አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስር፣ እና መጨረሻ ላይ ሽመልስ። ከስድስት ቀን በኋላ አቢጃን ላይ ብንሸነፍም ማዳጋስካርና ኒጀር አቻ ስለወጡ ለካሜሩን አለፍን።

ሰኔ 2፣ 2014፣ ሊሎንግዌ፣ ግብፅ፣ 2 ለ 0። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ አንድ። ሳላህ አልነበረም፣ እሺ። ግን ግብፅ ግብፅ ናት።

በሦስቱም ጎል አስቆጣሪዎች ዝርዝር ላይ የሽመልስ ስም አለ። ትልቅ ጨዋታ ላይ የሚጠፋ ሰው እንዲህ ዓይነት መዝገብ የለውም። ባለ ባጃጁ ይህን ቢያነሳ ኖሮ ክርክሩን በአንድ ቡና ይጨርሰው ነበር።

ሱራፌል ላይ ጎንደሬዋ ትክክል ናት፤ ረስተነዋል። ፋሲል ከነማ በ2013 ሊጉን ሲያሸንፍ ከዚያ ቡድን የሚወደደው ነገር ኳሱ ከሱራፌል እግር ሲነሳ ነበር። ረጅም ቅብብሉ፣ የቆመ ኳሱ። ከኮትዲቯሩ ጨዋታም ሁላችንም የምናወራው የማሸነፊያውን ጎል ነው፤ ቡድኑን ወደ ጨዋታው የመለሰው ግን የሱራፌል ጎል ነበር። የሱ ችግር ለእኔ የወጥነት ነው። አንዳንድ ቀን ንጉሥ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ሜዳ ላይ መኖሩን የምታስታውሰው ሲቀየር ነው። ይህን ስል ኮሜንት ላይ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

አዳነ ግርማን ከክርክሩ ማስወጣትም ግፍ ነው። ጥቅምት 4፣ 2005 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ስናሸንፍና ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ አንዷ ጎል የሱ ናት። ደቡብ አፍሪካ ላይ በአሥር ሰው ቀርተን የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን 1 ለ 1 ስንይዝም ያገባው እሱ ነው። ችግሩ አዳነ የት ነበር የሚጫወተው? አጥቂ፣ አማካይ፣ ሲያስፈልግ ተከላካይም። ሁሉም ቦታ የሚጫወት ሰው በአንዱም ቦታ ምርጥ ተብሎ አይመረጥም፤ ያሳዝናል፣ ግን እንደዚያ ነው።

አሁን ጋቶች። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚከብደው። የጋምቤላ ልጅ፣ በኢትዮጵያ ቡና አደገ፣ በ2009 ሩሲያ ድረስ ሄዶ ለአንዚ ፈረመ፤ ቆይታው አጭር ነበር። ሰኔ 7፣ 2007 ባህር ዳር ላይ ሌሶቶን 2 ለ 1 ስናሸንፍ አንዷን ጎል እሱ፣ ሌላዋን ሳላዲን ሰኢድ ነው ያገቡት። ግን ጋቶችን በጎል መለካት ታንኳን በጎማው እንደመለካት ነው። የሱ ሥራ ጎል ከመግባቱ በፊት፣ አንዳንዴም ጎል እንዳይገባ ነው። ተጋጣሚ በመሀል ሊያልፍ ሲል እዚያ ቆሞ መገኘት። ያልገባብህን ጎል ማን ይመዘግብልሃል?

አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ ስለ ቤዝቦል ሊያስረዳኝ ሞክሮ ነበር። ገና ግማሹም አልገባኝም፣ አንድ ነገር ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ሾርትስቶፕ የሚሉት ቦታ አለ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም፣ የተመታውን ኳስ እንዳያልፍ ለቅሞ የሚወረውር። በነጥብ መዝገባቸው ላይ የቦታው ቁጥር 6 ነው። እኛም ተከላካይ አማካዩን ስድስት ቁጥር አይደል የምንለው? ሥራውም ይመሳሰላል፤ ሲሠራው አይታይም፣ ሲያጠፋ ግን ስታዲየሙ ሁሉ ያየዋል።

እና እነሱም «ምርጡ ሾርትስቶፕ ማነው» ብለው ይጨቃጨቃሉ። ኦዚ ስሚዝ የሚባል ሰው የመከላከል ሽልማት የሆነውን የወርቅ ጓንት 13 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል፤ በፈረንጆቹ ከ1980 እስከ 1992። ደሪክ ጂተር የሚባለው የኒው ዮርክ ኮከብ ደግሞ አምስት ጊዜ ወስዶታል። ሕዝቡ ሲያየው ዘሎ ይወረውራል፣ ያምራል፣ ይጨበጨባል። በኋላ ግን ቁጥር የሚያጠኑ ሰዎች መጡና «ቆይ፣ ይህ ሰው ሌሎች የሚደርሱባቸው ኳሶች ጋ አይደርስም» አሉ። ዓይን አንድ ነገር አለ፣ መዝገብ ሌላ። ጭቅጭቁ እስከ ዛሬ አለ። ልዩነቱ እነሱ የሚጨቃጨቁት ወረቀት ይዘው ነው። እኛ ድምፅ ይዘን ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን? ኳስ ለመዝናናት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ሁለት ነገር ልንገራችሁ።

አንደኛው የቆየ ነው፤ ምንያህል ተሾመን ታስታውሳላችሁ? እሱም ከነዚያ የ2005 አማካዮች አንዱ ነው። ሰኔ 2005 ላይ ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ደገምን። አገር በጭፈራ አበደ፣ ምድቡን አሸነፍን ተባለ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሰው መኪና ላይ ወጥቶ ሲጨፍር አስታውሳለሁ። ዜናው የመጣው ከዚያ ነው፤ ምንያህል በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት በቦትስዋናው ጨዋታ መሰለፍ አልነበረበትም። ፊፋ ጨዋታውን ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ፣ ሦስት ነጥባችን ሄደ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ልጁ ምን አጠፋ? ምንም። ሁለት ቢጫ ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው ነው የጠፋው። ደግነቱ በመጨረሻው ጨዋታ አሸንፈን ለጥሎ ማለፉ ደረስን፣ እዚያ ናይጄሪያ አስቀረችን እንጂ። ባናሸንፍ ኖሮ የዚያ ትውልድ ታሪክ በአንዲት ያልተጻፈች ቢጫ ካርድ ያልቅ ነበር።

ሁለተኛው የቅርብ ነው፣ ስሙን አልጠራም። አብረን ያደግን ልጅ አለ፤ ስድስት ቁጥር ነው፣ በታችኛው ሊግ ይጫወታል። ፋሲሎ ሰፈር አቧራው ላይ ስንጫወት እሱ ያለበት ቡድን አይሸነፍም ነበር፣ ለምን እንደማይሸነፍ ግን ማንም አይናገርም፤ የምናወራው ጎል ስላገባው ልጅ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ደላላ ወደ ውጭ ሊወስደው ጠየቀው። «የአንድ ሙሉ ጨዋታ ቪዲዮና የሁለት ዓመት ቁጥር ላክልኝ።» ቪዲዮ? ያለው ጓደኛው በስልክ የቀረጸው አርባ ሰከንድ ነው፤ ግማሹ ሰማይ ነው። ቁጥር? ክለቡን ጠየቀ፤ የሰጡት የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ብዛት ነው፣ እሱም በእጅ ተጽፎ፣ አንዱ ወር ተዘሎ። ደላላው ሌላ ልጅ ወሰደ። አጥቂ ነው የወሰደው።

አጥቂ መሆኑ አጋጣሚ አይደለም። አቡበከር ናስርን ተመልከቱ። በ2013 በኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አግብቶ ለዓመታት የቆየውን የዮርዳኖስ ዓባይን የ24 ጎል ሪከርድ ሰበረ፤ በ2014 የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። ይገባዋል፣ ችሎታ አለው። ግን «29» የምትለው ቁጥር ራሷ ፓስፖርት ናት። ለየትኛውም አገር አሠልጣኝ ያለ አስተርጓሚ ትገባዋለች። የዚያን ዓመት ምርጥ ተከላካይ አማካይስ ቁጥሩ ስንት ነው? እኛ ጋ የሚመዘገበው ጎልና ካርድ ነው። ስለዚህ ገበያው የሚያውቀው የሚያገባውንና የሚያጠፋውን ብቻ ነው። በመሀል ያለው ሰው ደሞዙን የሚደራደረው በወሬ ነው፦ «ጥሩ ነው ይላሉ።»

ሽመልስ ራሱ ለምን ከጋቶች በላይ እንደሚታወስ አሁን ገባችሁ? እኔም ከላይ ለሽመልስ ያቀረብኩትን ማስረጃ ተመለሱና እዩት። ሦስት ጎል ነው። ወድጄ አይደለም፣ ሌላ የተጻፈ ነገር ስላላገኘሁ ነው። ሉቻኖ እና መንግሥቱም እንደዚያው።

ቢያንስ ዓይን ቢኖረን ጥሩ ነበር። እሱም ችግር ነው። የእኛው ስታዲየም ከ50 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል ይባልለታል፤ ዋልያው በዚያ ማጣሪያ ቤቱ አድርጎት ነበር። መስከረም 29፣ 2014 ደቡብ አፍሪካ መጥታ 3 ለ 1 አሸነፈችን፣ ጌታነህ ከበደ በቅጣት ምት አንዷን አገባ። ከዚያ ካፍ ሜዳው መስፈርቱን አያሟላም አለ። በቀጣዩ ወር ጋናን «በሜዳችን» የገጠምነው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ከዚያ ማላዊ፣ ከዚያ ሞሮኮ፣ ከዚያ ታንዛኒያ። ግብፅን ያሸነፍንባትን ቀን እንኳን ሊሎንግዌ ያለ ጥቂት ሐበሻ ነው በዓይኑ ያየው።

ሊጉም እንደዚያው ነው። በ2013 በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ፣ ጥሩ ነገር ነው፣ በየከተማው እየዞረም ይካሄድ ስለነበር ባህር ዳርም ተራዋ ሲደርስ እናይ ነበር። በ2015 መጀመሪያ እዚህ ነበር። በዚያው ዓመት ባህር ዳር ከነማ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ በኮንፌዴሬሽን ካፑም የታንዛኒያውን አዛምን በፍጹም ቅጣት ምት ጣለ። የሜዳውን ጨዋታ የተጫወተው አዲስ አበባ ላይ ነው። ያ ወር ነሐሴ 2015 ነበር፤ እዚህ ምን እንደነበረ እኔ አልነግራችሁም። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ፣ ምሽት ላይ ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ማለት ቀረ። የከተማችን ቡድን በታሪኩ ትልቁን ጨዋታ ሲያደርግ ስንቶቻችን ውጤቱን የሰማነው በስልክ ጥሪ ነው።

የሚገርመው ዓይንም ብቻውን አይበቃም። በ2015 ሊጉ እዚህ ሲካሄድ አንድ ቀን ደብተር ይዤ ገባሁ። ሥራ አልነበረኝም፣ ዲግሪም የለኝም፣ ቢያንስ የሆነ ነገር ልቁጠር ብዬ ነው። አንድ ተከላካይ አማካይ መረጥኩ፣ የየትኛው ቡድን እንደሆነ ይቅር። በነጠቀ ቁጥር አንድ ጭረት፣ ባበላሸ ቁጥር አንድ ነጥብ። ከኋላዬ የተቀመጡት ሰዎች ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ጀምሮ «ኧረ ይሄን ሰው አስወጡት፣ ኳስ አያውቅም» እያሉ ነበር፤ አንድ ኳስ አበላሽቶ ሊገባባቸው ስለነበር። ሁለተኛው አጋማሽ ሲያልቅ የጭረቱ ገጽ ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሬያለሁ። ነጥቦቹን በአንድ እጄ ጣቶች እቆጥራቸዋለሁ። ከፊቱ ያለውን አሥር ቁጥር፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት የነበረውን፣ ደግሞ በሌላ ቀን ቆጠርኩት፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ደብተሩን ከኋላዬ ለነበሩት ሰዎች አላሳየሁም፤ ነፍሴን እወዳለሁ።

ይህ አንድ ሰው በአንድ ብሽክሊት ደብተር የሠራው ነው። ስህተት ይኖረዋል። ግን ክለብ አንድ የስፖርት ሳይንስ ተማሪ መድቦ ይህን ማስቆጠር ያቅተዋል? የሊጉ ጨዋታ ቪዲዮው አለ፤ እንደገና ማየት ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ያንን የሚማር ልጅ በየዓመቱ ያስመርቃል። ተጫዋች ለማስፈረም የሚወጣውን ገንዘብ አስቡና የአንድ ቆጣሪ ደሞዝ ከጎኑ አስቀምጡት።

እና ማነው ምርጡ? ሸሽቼ አልሄድም። ከተጻፈው ማስረጃ ተነስቼ የምመርጠው ሽመልስ በቀለን ነው፣ ትልልቅ ቀኖች ላይ ተገኝቷልና። ነገር ግን ነገ ጨዋታ አለ፣ ተጋጣሚ ከባድ ነው፣ አንዱን ብቻ ውሰድ ብትሉኝ ጋቶችን ነው የምወስደው። ካሜሩን ላይ በ2014 ጥር የሆነውን አስታውሱ። ዳዋ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አገባ፣ መርተናል። ያለቀው 4 ለ 1 ነው። ያን ቀን የጎደለን ጎል የሚያገባ ሰው አልነበረም፤ የተነጠቀው ኳስ ሁሉ በመሀላችን እያለፈ ነበር። እኛ ሁልጊዜ አሥር ቁጥር እናፈራለን፣ ሰፈር ያለው ልጅ ሁሉ አሥር ቁጥር ነው። ስድስት ቁጥር መሆን የሚፈልግ የለም፣ ማንስ ያየዋል?

ማክሰኞ ዕለት ደብተሩን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ባለ ባጃጁ ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና «ይሄ ጭረት ምንድነው?» አለኝ። ነገርኩት። ለደቂቃ ዝም አለ። «እሺ፣ ለሽመልስም እንዲህ አለህ?» የለኝም አልኩት። «እንግዲያው አልተሸነፍኩም» ብሎ ባጃጁን አስነሳ። አባት ደብተሩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና ቀኑን ማንበብ ጀመሩ፤ እሳቸው ያን ቀን ስታዲየም ነበሩ ለካ፣ ከተሳዳቢዎቹ ወገን።

እናንተስ ማንን ትመርጣላችሁ? ስም ብቻ አትጻፉልን፤ የትኛው ጨዋታ፣ መቼ፣ ምን ሲሠራ እንዳያችሁት ጨምሩበት። እኔም ደብተሬ ላይ አሰፍረዋለሁ።